ሰካራም አይመስልም

የፊልም ሰዎች መጡ፣ በታኅሣሥ ብርድ፣
ሦስት መኪና ሙሉ፣ በአዲስ አበባ መንገድ።
ጠባሴ ላይ ቆሙ፤ ገመድ ዘረጉ፤
በጠራራ ፀሐይ መብራት አበሩ፤ ምን እንደፈለጉ
እንጃ።

«ሰካራም የሚሆን ሰው አለ?» ተባለ፤
«ለአንድ ቀን ሦስት መቶ፣ ከነምሳው።» «እኔ አለሁ» አለ
ወንድሜ አጥናፍሰገድ፣ ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ፣
ኮቱን እየቆለፈ፣ እንዳይመስል ቀልድ።

ሳቁ። አለቃቸው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው፣
ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ አስተዋለው፤
ጫማው ተወልውሏል፣
ጢሙ ተላጭቷል፣
የሱሪው ተኩስ ስለት፣ ጎመን ይከትፋል።
እጁን አስዘረጋው። ጣቱ ንቅንቅ አይልም፤
ጨለማ ውስጥ እንኳ የመርፌ ቀዳዳ አያሳስተውም።
«ይቅርታ ወንድሜ» አለው በትሕትና፣
«ሰካራም አትመስልም፤ ተመልካች አያምንህምና።»

ዝም አልኩ እንጂ እኔስ አውቀው ነበር፤
ያ እጅ የረጋው ጎሕ ሳይቀድ፣ በጓሮ በር
በተቀዳ መለኪያ ነው። የመጀመሪያው ለእጅ፣
ሁለተኛው ለእግር፣ ሦስተኛው ደንበኛ ሲመጣ «ግባ እንጂ»
ለማለት።

እትዬ በለጥሻቸው ናት የምትቀዳለት፤
ባሏን ይኸው አረቄ ነው የቀበረላት።
ብሩን ትቀበላለች ፊቷን አዙራ፤
የምትሸጠውን ታውቃለች፤ ልጆች አሏት፤ ምን ትሥራ።

ከራሳቸው አንዱን አመጡ። ፀጉሩን አንጨፈረሩት፣
ጥላሸት ቀቡት፣ የበሬሳን ጭቃ አስነኩት፣
ኮቱን ከብብቱ እስከ ወገቡ ተረተሩት።
ውሃ በጠርሙስ ይዞ፣ ግድግዳ እየገፋ መጣ፣
ወደቀ። «አልሆነም!» ተነሣ። እንደገና ጠጣ፣
ወደቀ። ሰባት ጊዜ ወደቀ፤
ያገሬ ሰው በሳቅ አለቀ።
አጥናፌም አጨበጨበ። ማታ ግን አላስቻለው፤
«ሰው እንዲህ ተቀዶ አይሄድም» ብሎ ኮቱን ለምኖ ወሰደው፣
በድርብ ስፌት ሲጠቅመው አደረ።
ጠዋት ተቆጡት። ቀደዱት፣ እንደነበረ።

በዓመቱ ፊልሙ መጣ። አዳራሹ ጢም አለ።
እሱ «የሙሽራ ልብስ ይዣለሁ፣ አንቺ እይልኝ» አለ።
አየሁለት።
ሰውየው ይጠጣል፤ ሚስቱ ትሄዳለች፤ ዝናብ ይዘንባል፤
እናቱ ታለቅሳለች፤ ዘፈን ይጀምራል፤
ጠርሙሱን ድንጋይ ላይ ይሰብራል፤
ዘፈኑ ሲያልቅ ጢሙን ተላጭቶ ሠርጉ ላይ ይጨፍራል።
አራት ደቂቃ ነው። ሰዓት ይዤ ነበር፤
ጎኔ ያለችው ሴት ስታነባ፣ እኔ ስቆጥር።

የእኛን ቤት ማን ያነሣዋል? ምኑ ይታያል?
ሰው አልጋ ጫፍ ተቀምጦ በውርጭ ያልበዋል፤
ጠበል ሄዶ ይመለሳል፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቆያል።
በሃያኛው ምንም አልሆነም፤ አልተጣላም፣ አልከፋውም፤
ዳቦ ሊገዛ ወጣ፤ ዳቦውንም አልረሳውም፤
ይዞ ገባ።
ከዳቦው በፊት ግን ሽታው ገባ።

እኔም አለሁበት፤ «ጉንፋን ይዞት ነው» ለደንበኛ፣
«ለቅሶ ሄዷል» ለቀበሌ፤ መዋሸት ስተኛ፣
መዋሸት ስነሣ፤ እሱ አረቄውን፣ እኔ ውሸቴን፣
እኩል ለመድን።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተዋናዩ ሲወድቅ፣ ኮቱ ተገለበ፤
ዓይኔ ከብብቱ ሥር አንድ ስንዝር መስመር አነበበ፦
ድርብ ስፌት። ጨርቁ ጎንና ጎኑ ተተርትሯል፤
ክሩ ይዟል።

ስገባ የስፌት መኪናው ላይ ነበር።
«ስፌቴ ይታያል?»
«ይታያል።»
«ቀጥ ብሏል?»
«ቀጥ ብሏል።»
ፈገግ አለ። በእግሩ ቀስ አድርጎ መለኪያውን
ከመኪናው ሥር ገፋው፣ እንዳላይ።

አላየሁም።